ባለቤት ያለው አውሬ

ራህመት ከድሩ ቁጣ የሚቀናት ሴት አልነበረችም፤ አብራት የሠራች ሁሉ ይህን ትመሰክራለች። ሰበታ ገበያ ውስጥ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጠው የከድሩ ሁለተኛ ልጅ ናት። ያደገችው አባቷ ሱቁ በር ላይ ባቆማት ሲንጀር የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ መጥቶ የሚያስቀጥላት ሳይሆን ሲቀር አባቷ አልተቆጣም። "እጅ ያለው ሰው አይወድቅም" አላትና መኪናዋን ዘይት አጠጥቶ ሰጣት።

በሃያ ሁለት ዓመቷ ከከተማው ዳር ካለው የልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆየች። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኦቨርሎክ፣ የቁልፍ ቀዳዳ፤ እዚያ ቤት ያልተቀመጠችበት መኪና የለም። በኋላ የአራተኛው ላይን ኃላፊ አደረጓት። ላይን የሚሉት በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አርባ ሁለት መኪናዎችን ነው፤ በአንዱ ጫፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይገባል፣ በሌላው ጫፍ የተተኮሰ ሸሚዝ ይወጣል። አዲስ ልጅ ስትመጣ ከጎኗ ቆማ የምታሳያት ራህመት ነበረች። ከተፍኪ ገጠር የመጣችውን ኡርጂን፣ መቀስ በወጉ ይዛ የማታውቀውን ልጅ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ኮሌታ ላይ አስቀመጠቻት። "መኪናውን አትሩጪበት፤ ራሱ ይወስድሻል" ትላቸው ነበር፣ ለሁሉም።

ላይኑ ሁለት የሽንት ቤት ካርድ ነበረው። ቢጫ፣ በገመድ አንገት ላይ የሚጠለቅ፣ ቁጥር የተጻፈበት። ካርዱን ሳታጠልቅ ከወንበሯ የተነሣች ሴት ሥራ ጥላ እንደሄደች ትቆጠራለች። ለአርባ ሁለት ሴት ሁለት ካርድ። ራህመት አራት ይሁንልን ብላ ጠይቃለች፤ በቃልም በጽሑፍም ጠይቃለች። "ይታያል" ሲሏት ኖሩ። እሷም ይታያል ሲሏት እየታየ ነው ብላ የምታምን ሰው ነበረች።

ጥቅምት ላይ ወደ ውጭ የሚላክ ትእዛዝ ደርሶ ላይኑ ሁሉ ሲጣደፍ፣ ትጊ የምትባለው የእጅጌ ሠራተኛ ከወንበሯ ተንሸራትታ ወደቀች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወገቧን ስትይዝ ራህመት አይታታለች፤ ስትጠይቃት "ብርድ ነው" ነበር የምትለው። ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ኩላሊቷ ቆስሏል ተባለ። ሽንት መያዝ ነው፣ ውሃ አለመጠጣት ነው አሉ። ትጊ ውሃ የማትጠጣው ካርድ ላለመጠበቅ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ስትመለስ ስሟ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘችው፦ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ የቀሩ።

ያን ዕለት የሰው ኃይል ኃላፊው ፍቅረሥላሴ ራህመትን አስጠራት። ይህ ሰው መጀመሪያ በሰዓት ተቆጣጣሪነት ሲቀጠር እጅጌን ከኮሌታ የማይለይ ልጅ ነበር። ላይን ለላይን እየዞረች የየክፍሉን ስም ያስጠናችው እሷ ናት። በማታ ትምህርት ዲግሪ ያዘ፣ ክራቫት አሠረ፣ ፎቅ ላይ ወጣ። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

"ማስጠንቀቂያውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፣ ራህሚ" አላት። "የቅርብ ኃላፊዋ ስለሆንሽ።"

"ምን ብዬ?"

"ያው የተለመደውን። ያለ ፈቃድ ቀርታለች፣ ቢደገም እርምጃ ይወሰዳል።"

"ታማ ነው የቀረችው። ያሳመማት ደግሞ ካርዱ ነው።"

"የሐኪም ወረቀቱ እኛ ከምንቀበለው ክሊኒክ አይደለም። አታክርሪው።"

ራህመት ወጣች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ይዛ ተመለሰች፤ የትጊ ማስጠንቀቂያ ግን አልነበረም። የራሷ መልቀቂያ ነበር፣ ሕጉ እንደሚለው የሠላሳ ቀን ቅድሚያ የሰጠ። ሠላሳውንም ቀን አንድ ደቂቃ ሳታጎድል ሠራች። በመጨረሻው ቀን መቀሷን፣ ባጇንና ሁለቱን ቢጫ ካርዶች ቆጥራ አስረከበች።

ኅዳር ላይ ቡራዩ ገባች። ከከታ አለፍ ብሎ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኦቦ ያደታ የሚባሉ ሰው ስድሳ መኪና ያላት አነስተኛ የስፌት ድርጅት ነበረቻቸው፤ የተማሪ ዩኒፎርምና የሆስፒታል አንሶላ ይሠሩባታል። ከሰበታ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ ቡራዩ። ሰበታና ቡራዩ ሸገር ከተማ ከተባሉ ወዲህ በወረቀት አንድ ከተማ ናቸው፤ በታክሲ ግን አራት ወረፋ ነው። በመጀመሪያው ቀን የበሩን ጠባቂ፣ ኦቦ ሚልኬሳን፣ "የሽንት ቤት ካርድ ከማን ነው የምወስደው?" ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ጥያቄው አልገባቸውም። "ቁልፉን ነው? በሩ ክፍት ነው፣ ልጄ" አሏት።

ታኅሣሥ ላይ ሰበታ ለቅሶ ቤት ከኡርጂ ጋር ሲገናኙ ይህንኑ ነገረቻት። ሌላ ያለችው ነገር የለም። ኑ አላለችም፤ ደሞዝም አላወራችም። "በሩ ክፍት ነው አሉኝ" አለቻት፣ ከዚያ ንፍሮ ዞረ።

ኡርጂ በጥር መጣች። ቀጥላ ትጊ መጣች። ከዚያ ከሁለተኛው ላይን፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው አረጋሽ መጣች። እስከ የካቲት መጨረሻ ዐሥራ አንድ ሆኑ። እዚያም ላይን የምትይዘው ራህመት ለእያንዳንዷ የምታቀርበው አንድ ጥያቄ ነበር፦ የመልቀቂያውን ወር ሰጥተሻል? ያልሰጠችውን አንዷን ከበር መልሳታለች። ልጅቷ አልቅሳ ሄደች፤ ወሯን ጨርሳ ተመለሰች።

ከሰበታው ፋብሪካ ደብዳቤ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፈው፤ የቀድሞው ፋብሪካ ባለቤቶች ውጭ ስለሚኖሩ ፍቅረሥላሴ እነሱ ያነቡታል የሚለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር የሚጽፈው። ኦቦ ያደታ ራህመትን ቢሮ አስጠሯት። ጸሐፊዋ በስልኳ ልትተረጉመው ትሞክራለች።

"የእርስዎ ሠራተኛ ራህመት ከድሩ" ብላ ከስልኩ አነበበች፣ "ባለፉት ወራት ሠራተኞቻችንን ያለማቋረጥ እየቀቀለች ትገኛለች።"

ኦቦ ያደታ ሳቁ። ራህመትም ሳቀች። ጸሐፊዋ ቃሉን ብቻውን ለይታ ስትጽፈው ስልኩ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ ውሃ ውስጥ ሰብሮ መቀቀል ነው አለ፤ እንደገና ሳቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ኦቦ ያደታ ወደ ገጹ ግርጌ ወርደው ግልባጭ የተደረገለትን ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ። ግልባጩ በእነዚህ ከተሞች ያሉ ልብስ ሰፊ ድርጅቶች ያቋቋሙት ማኅበር ነበር። ትልልቅ ትእዛዝ ሲገኝ ለአባላቱ የሚያከፋፍለው ይህ ማኅበር ነው። ኦቦ ያደታ ደግሞ ከአባላቱ ሁሉ ትንሹ ናቸው።

"ይሄ ቃል ሌላ ትርጉም አለው" አሉ። "እንቁላል ብሎ ማኅበር ድረስ አይጽፍም።"

ራህመት ወረቀቱን ይዛ ለምሳ ወጣች። ኦቦ ሚልኬሳ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ? ፊትሽ ጠቁሯል" አሏት፣ ውሎዋን በኦሮምኛ ጠይቀው።

"ከእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጋር ነው የዋልኩት። አንቱ እንግሊዝኛ አያነቡም አይደል?"

"አላነብም። ምን ይላል?"

"ፖቺንግ ታደርጋለች ይላል እኔን።"

ሽማግሌው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "እሱን ቃልስ አውቀዋለሁ" አሉ።

ራህመት አላመነቻቸውም። ግን ኦቦ ሚልኬሳ ቡራዩ ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ዓመት ባሌ ተራራ ላይ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበሩ። ስለዚያ ሥራቸው ግቢ ውስጥ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

"ፈረንጆቹ ለጥናት ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይሄ ነበር፤ ፖቸር አለ ወይ፣ ፖቸር ያዛችሁ ወይ። ተደብቆ ገብቶ የደጋ አጋዘን የሚገድለውን ነው።"

"አዳኝ ማለት ነዋ።"

"አይደለም። አዳኝና ፖቸር ለየቅል ናቸው። ከውጭ የመጣው ባለፈቃድ አጋዘን ቢገድል አዳኝ ነው፤ ሰላምታ ሰጥተን ዕቃውን እንሸከምለታለን። የሀገሩ ልጅ ያንኑ አጋዘን ቢገድል ፖቸር ነው፤ አስረን እንወስደዋለን። ለአጋዘኑ ያው መሞት ነው። ልዩነቱ ለባለቤቱ ነው።"

"የማን ባለቤት?"

"የአውሬው ነዋ። ባለቤት የሌለውን አውሬ ብትገድዪ ማንም ፖቺንግ አይልሽም። ቃሉ የሚመጣው አውሬው የሰው ሲሆን ነው።"

ራህመት ወረቀቱን አጠፈችው። ዘረጋችው። ደግማ አጠፈችው።

"አጋዘኑ በራሱ ቢወጣስ? ማንም ሳይነካው፣ ሣር ፍለጋ?"

"ይወጣል እንጂ። ገብስ ሲደርስ ወደ ማሳ ይወርዳል።"

"ያን ጊዜ መዝገብ ላይ ምን ትሉታላችሁ?"

"ወጣ እንላለን።"

"ማን ሰረቀው አትሉም?"

"ማን ይሰርቀዋል?" አሉ ኦቦ ሚልኬሳ። "እግር አለው።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ራህመት የአንድ ሙሉ ደርዘን ሸሚዝ ኪስ በግራ መደረግ ሲገባው በቀኝ አስደረገች። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሠርታው የማታውቅ ስሕተት ነው። ኡርጂ መጥታ በጆሮዋ ስትነግራት ሸሚዞቹን አየቻቸው፣ ግን አልታዩአትም። ሌባ ብለዋት ቢሆን ትችለው ነበር፤ ሌባ ሰው ነው፣ ይከራከራል። ያቃጠላት ሌላው ነገር ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ሰው ሆና የተጻፈችው እሷ ብቻ ናት፤ ኡርጂ፣ ትጊ፣ አረጋሽ ከነወሰዱት እርምጃ፣ ከነሰጡት ወር፣ ከነታመመ ኩላሊታቸው፣ ሣር የሚግጡ ሆነው ነው የተጻፉት። ወሰደቻቸው፣ ታደኑ፣ ጎደሉብን። ከዐሥራ አንዱ አንዷ እንኳ እግር አላት የሚል መስመር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰበታ ሄደች። የቀድሞው ፋብሪካ በር ላይ አንድ ሰዓት አቆሟት። ፍቅረሥላሴ ቢሮ ስትገባ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

"ራህሚ፣ ጠፋሽ።"

"አልጠፋሁም። ያለሁበትን አድራሻ ጽፈህበታል።" ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ይህን ቃል በአማርኛ ንገረኝ።"

"እሱ ሙያዊ ቃል ነው። የሰው ኃይል መጽሐፍ ሁሉ ላይ አለ። በቀጥታ አይተረጎምም።"

"ኦቦ ሚልኬሳ በቀጥታ ተረጎሙልኝ።"

"እሳቸው ደግሞ ማናቸው?"

"የበር ጠባቂያችን።"

ፈገግ አለ። ራህመት ለዚያ ፈገግታ ልትመታው ምንም አልቀራትም ነበር፤ ይህን ራሷ ኋላ ለአባቷ ነግራዋለች።

"ስሚ" አለ ፍቅረሥላሴ። "ዐሥራ አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ ነው የሄደብን። አስተምረን ለሰው ሰጠን ማለት ነው።"

"ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።"

"በእኛ መኪና።"

"በእናንተ መኪና፣ በእናንተ ሁለት ካርድ።"

"ይኸውልሽ፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ። የማኅበሩ አባላት አንዱ የሌላውን ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ላይቀጥር ስምምነት አላቸው። ያደታ ፈርሟል።"

"በቅሎም አጋዘንም አይደለንም። ኡርጂ ፈርማለች? አረጋሽስ ወረቀቱን አይታዋለች?"

"የሚፈራረሙት ድርጅቶቹ ናቸው። ሠራተኛው ማየት አያስፈልገውም።"

ራህመት ከዚህ በላይ አልቆየችም። ስትወጣ የአራተኛው ላይን ሴቶች በመስኮቱ በኩል አዩአት፤ አንዷም እጇን አላነሣችም፤ ሁሉም ግን መኪናቸውን አቆሙ። የአርባ መኪና ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰማችው።

ማኅበሩ ነገሩን ለማየት በሚያዝያ ሱሉልታ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ጠራቸው። ራህመት፣ ኡርጂና አረጋሽ በአዲሱ ገበያ አድርገው እንጦጦን ተሻግረው ደረሱ። ሱሉልታ ነፋሱ ያን ቀን ያፏጭ ነበር። አዳራሹ ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ በአንድ ወገን ፍቅረሥላሴ፣ በሌላው ኦቦ ያደታ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አቶ ጌታቸው የሚባሉ፣ ሹራብ የሚያሠሩ ባለድርጅት ናቸው። ክሱ ተነበበ፤ ከነእንግሊዝኛ ቃሉ።

ራህመት እጇን አወጣች። "ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ነው?"

"አዎ" አሉ አቶ ጌታቸው።

"እንግዲያው ያን ቃል በአማርኛ ይጻፉልኝ። ከዚያ እመልሳለሁ።"

ቃለ ጉባኤ ያዡ ወደ ሰብሳቢው አየ። ሰብሳቢው ወደ ፍቅረሥላሴ አዩ። "አደነች" ብሎ ለመጻፍ ማንም አልፈለገም። አንዱ "ሳበች ይባል" አለ። ሌላው "አባበለች" አለ። ራህመት ምን ብላ እንዳባበለቻቸው ሲጠይቋት ነገረቻቸው፤ በሩ ክፍት ነው እንዳለች። በዚህ ላይ ማባበል የሚለው ቃል ትንሽ አሳፈራቸው።

"አስኮበለለች ይሁን" አሉ በመጨረሻ አቶ ጌታቸው። "ይሄ የታወቀ አማርኛ ነው።"

ያን ጊዜ አረጋሽ ተነሣች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። ነጠላዋን አስተካከለች።

"የእናቴ እናት ሰው ቤት የነበረች ናት" አለች። "ተገዝታ። አንድ ቀን ወጥታ ሄደች። ጌታዋ ኮበለለች ብሎ በሦስት ገበያ አስለፈፈባት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ቃሉን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትለው፣ ሰው እንዳይሰማ። ጌቶቼ፣ የሚኮበልል ጌታ ያለው ሰው ነው። እኔ ወር ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ያን ቃል እኔ ላይ አትጻፉት።"

ኡርጂ የአረጋሽን እጅ ያዘች።

"ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?" አሉ አቶ ጌታቸው። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር።

"ወር ሰጥተው ሥራ ቀየሩ ተብሎ" አለች ራህመት።

"እንደዚያ ከተጻፈማ ክስ የለም።"

"የለም።"

ውጭ እንዲቆዩ ተነገራቸው። ሦስቱ ሴቶች ሆቴሉ በር ላይ በነፋሱ ቆመው ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ሲጠሯቸው ውሳኔው ተነበበ፦ ጉዳዩ በሁለቱ ድርጅቶች መካከል በመግባባት ይፈታ። ራህመት ቃለ ጉባኤውን ለማየት ጠየቀች። ከአማርኛው መሐል፣ ሥራ ቀየሩም አስኮበለለችም ሳይሉ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል እንዳለ ትተውት ነበር። ማንም ሳይተረጉመው፣ ማንም ሳያፍርበት።

መግባባት የተባለው ምን እንደሆነ ግንቦት ላይ ታወቀ። ማኅበሩ ለኦቦ ያደታ ሊሰጥ ከነበረው የአንሶላ ትእዛዝ ግማሹን ያዘባቸው። ኦቦ ያደታ ራህመትን ሥራው መሐል፣ ሴቶቹ ሁሉ እያዩ፣ አስነሥተው አነጋገሯት። ክፉ ሰው አይደሉም። ፈሪ ናቸው።

"ዐሥራ አንዱን አላሰናብትም" አሉ። "አንቺ ግን ስምሽ ደብዳቤው ላይ አለ። ስድስት ወር ብቻ ቤት ቆዪልኝ። እነሱ ይብረዱ፤ ከዚያ ትመለሻለሽ።"

"ያደንኩት ካለ የታደነው ይመስክር፣ ኦቦ ያደታ። እዚሁ አሉ፤ ይጠይቋቸው።"

"እኔማ አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።"

"ያውቃሉ" አለች ራህመት። "ሁላችሁም ታውቃላችሁ።"

መቀሷን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ኡርጂ መኪናዋን አጥፍታ ተነሣች። አረጋሽ ተነሣች። ሌሎች ሦስት ተከተሏቸው። ስድስቱ ቁጭ አሉ። ከስድስቱ አንዷ ትጊ ነበረች፤ ዓይኗን ከመርፌው ላይ አላነሣችም።

"ተቀመጡ" አለቻቸው ራህመት የቆሙትን። "በእኔ የተነሣ እንጀራችሁን አትድፉ።"

"አንቺ አይደለሽም ያመጣሽን" አለች ኡርጂ። "አሁንም አንቺ አታስቀምጪንም።"

እስከ ምሳ ቆሙ። ኦቦ ያደታ ቢሯቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ማንንም አላባረሩም። ከምሳ በኋላ ኡርጂ ራሷ "አሁን ይበቃል" ብላ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተቀመጡ።

ራህመት በታክሲ ስትመለስ ከአስኮ እስከ አየር ጤና የተናደደችው በፍቅረሥላሴ አልነበረም፤ በኦቦ ያደታም አልነበረም። በትጊ ነበር። ማስጠንቀቂያ አልጽፍባትም ብላ ዐሥራ ስድስት ዓመቷን የተወችላት ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ትጊ ሁለት ወንድሞቿን እንደምታስተምር ታውቃለች፤ የቤት ኪራይዋን፣ መድኃኒቷን ታውቃለች። ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። ማወቁ ግን ንዴቱን አላበረደላትም።

አባቷ ሱቅ በር ላይ ተቀመጠች። ከድሩ ሰባ አልፎታል፤ ነገሩን ሁሉ አንድ ጊዜ ሰማ። በማግሥቱ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ከፊቷ አኖረ።

"አንቺም ጻፊ" አላት። "በምታውቂው ቋንቋ።"

ለማኅበሩ ጻፈች። የዐሥራ አንዱን ሴቶች ስም በተራ አሰፈረች፤ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ወር የሰጠችበትን ቀን፣ ከሥራ የወጣችበትን ቀን፣ ቡራዩ የተቀጠረችበትን ቀን አኖረች። ሌላ ሐተታ አልጨመረችም። ሱሉልታ ድረስ ሄዳ በእጇ ሰጠች፤ የተቀበሉበትን ማኅተም አስመትታ ተመለሰች። መልስ አልመጣም። ሰኔ ሲገባ እንደገና ሄደች። ሐምሌ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዡ "ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፣ እህቴ" አላት።

"ከቃሉ ጋር?" አለችው።

ጎንበስ ብሎ ሌላ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኦቦ ያደታ ራሳቸው ሰበታ ገበያ መጡ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የዩኒፎርም ትእዛዝ ተከምሯል፣ ላይኑን የሚይዝ ሰው የላቸውም። ከድሩ ወንበር ሰጣቸው፤ ኦቦ ያደታ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው ተቀመጡ።

"ተመለሽልኝ፣ ራህመት።"

"ስድስት ወሩ አልሞላም።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ለደብዳቤው መልስ ይጻፉለት። እስካሁን አልመለሱለትም። ዝም ያለ ሰው እንዳመነ ነው የሚቆጠረው።"

"ማኅበሩ ትእዛዙን ጨርሶ ቢያስቀርብኝስ?" አሉ ኦቦ ያደታ።

"ያኔ ሁለታችንም ቤት እንውላለን።"

መልሱ በሦስተኛው ቀን ተጻፈ፤ ሁለት መስመር ነው፣ በአማርኛ። "የተጠቀሱት ዐሥራ አንድ ሠራተኞች በሕጉ መሠረት ወር ሰጥተው ከእናንተ ዘንድ ወጥተዋል፤ ፈልገው መጥተው እኛ ዘንድ ተቀጥረዋል። ወይዘሮ ራህመት ከድሩም እንዲሁ።" ማኅተም አለው። ራህመት ደብዳቤው መላኩን በዓይኗ ካየች በኋላ ሥራ ጀመረች። ቤት የዋለችበት የሦስት ወር ደሞዝ ግን ጠፍቶ ቀረ፤ ስለዚያ ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም። የአንሶላው ትእዛዝም አልተመለሰም።

ጥቅምት ላይ ፍቅረሥላሴ ከሰበታው ፋብሪካ ለቆ ገላን ውስጥ ወዳለ ትልቅ ድርጅት ተዛወረ። እሱ ራሱ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ አዲሱ ድርጅት "ሄድሃንት" እንዳደረገው ጽፎ ነበር፤ ብዙ ሰው እንኳን ደስ አለህ ብሎታል። ጸሐፊዋ በምሳ ሰዓት ለሴቶቹ አነበበችላቸው። ኦቦ ሚልኬሳ ይህኛውን ቃል አያውቁትም ነበር።

"ራስ ማደን ነው በቀጥታው" አለቻቸው ጸሐፊዋ።

"አንገቱን ሊቆርጡት?"

"አይደለም፣ ኦቦ። ክብር ነው። ትልቅ ሰው ሲሆን እንደዚያ ይባላል።"

ሴቶቹ ሳቁ። ራህመት አልሳቀችም። ያ ሰው ለቆ ሲሄድ ለገላኑ ድርጅት የተጻፈ ደብዳቤ የለም፤ ስድስት ወር ቤት ይዋል ያለ ኮሚቴ የለም። ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ምሳዋንም አልጨረሰችም።

ከትጊ ጋር አንድ ላይን ላይ ናቸው። ስለ ሥራ ይነጋገራሉ፦ ክር አልቋል፣ መርፌ ተሰብሯል፣ ይህ እጅጌ አጥሯል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። በኅዳር አንድ ብርዳማ ጠዋት ትጊ ምንም ሳትናገር አንድ ብርጭቆ ሻይ አምጥታ ራህመት መኪና አጠገብ አኖረችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ራህመት እንፋሎቱ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ ጠጣችው። ብርጭቆውን ትጊ መጥታ እስክታነሣው አልጠበቀችም፤ ራሷ ወስዳ አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው፣ ወደ መኪናዋም ተመለሰች።